ከፈንና ካሜራ

በልብ ወለድ ፊልም የሞተ ሰው ቀረጻው እንዳበቃ ተነስቶ፣ አቧራውን አራግፎ እራቱን ይበላል። ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሞት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ነገሩ የሚከብደው ካሜራው ከእውነተኛ ጀናዛ ፊት ሲቆም ነው።

እዚህ መሐል ሜዳ ቁርኣን የሚቀሩ ወጣቶች በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የተነሳውን የረሃብ ፊልም በስልካቸው ተመልክተው፣ «ኡስታዝ፣ የሞተን ሰው በዚህ መልክ ማየት ይፈቀዳል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። በዚያው ክፉ ዘመን ከመንዝ ደጋ ቁልቁል፣ አንጾኪያ ሸለቆ ውስጥ የእርዳታ ጣቢያ ቆሞ ነበር።

እንደሚታወቀው ሸሪዓ ለሟች ሐቅ ደንግጎለታል፤ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። ሲታጠብ ሐፍረቱ ይሸፈናል፤ አጣቢውም ያየውን ነውር አውጥቶ እንዳያወራ አደራ አለበት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሲገንዙ ይህንኑ ይጠነቀቃሉ። የካሜራ ሥራ ደግሞ መግለጥ ነው። እንግዲህ ሁለቱ በምን ይታረቃሉ?

ለዚህ ሁለት ፊልሞችን ማነጻጸር ይበጃል። የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። የንጉሡ መንግሥት ሲሸሽገው የነበረውን ረሃብ ለዓለም በማሳየቱ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡን ከዙፋን ባወረደበት ቀን ዋዜማ፣ ፊልሙን ቆራርጦ በመሃል በመሃሉ የቤተ መንግሥት ግብዣና ሥጋ የሚበሉ ውሾች አስገብቶ ለሕዝብ አሳየው። ክሱ ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። ሆኖም ከውሻ ምስል ጎን ተቀጥሎ የታየው የተራበ ወሎዬ በዚያ ምሽት ሰው መሆኑ ቀርቶ የክስ ማስረጃ ሆነ። ያንን ፊልም ያሳየው መንግሥትም በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ በተራው የራሱን ዘመን ረሃብ ሸሸገ። የሙታኑ ሐዘን ከልቡ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ባላደረገ ነበር።

ሁለተኛው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው የኮረሙ ፊልም ነው። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ አንሺው ደግሞ ናይሮቢ የተወለደው ሙስሊም ወንድማችን መሐመድ አሚን ነበር። ጎሕ ሲቀድ ተጠቅልለው በተርታ የተጋደሙ ጀናዛዎች ይታያሉ። አንዲት እናት ከሁለት ወር ሕፃኗ ጋር አብራ ተከፍናለች። ማን ሙስሊም ማን ክርስቲያን እንደሆነ ከጨርቁ ላይ መለየት አይቻልም። ያ ሕዝብ በብርድ ሲንቀጠቀጥ አድሮ፣ ራሱ የሚለብሰው ሳይኖረው፣ ለሟቹ ግን መሸፈኛ አላጣም። እኔ በበኩሌ ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። የታየው ነገር የዓለምን ሕዝብ ቀስቅሶ እርዳታ ጎረፈ፤ በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎ ገንዘብ ተሰበሰበ። (የሙዚቃውን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።)

ስለዚህ ለልጆቹ የሰጠሁት መልስ ሟችን መሸፈንና ሞትን መደበቅ አንድ አይደሉም የሚል ነው። ገላው ይሸፈናል፤ የሞቱ ሰበብ ግን፣ በተለይ ሌላው ሊድንበት የሚችል ከሆነ፣ መነገር አለበት። የአሚን ፊልም ሁለቱንም ያሟላል። ጉድለቱ ስም ነው። ለቅሶ ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ሞተ?» ብለን ነው፤ ኮረም ላይ ከተጋደሙት የአንዱም ስም አልተነገረንም።

አሚን ራሱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው ድምፅ ቀጂ ሞተ። እሱ ግን በሰው ሠራሽ እጅ ሥራውን ቀጠለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። በውስጡ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ አንዱ እሱ ነበር፤ አላህ ይዘንለት። ያ አወዳደቅ በባሕሩ ዳርቻ በነበረ ጎብኚ ካሜራ ተቀርጿል። ክንፉ ውኃውን ሲነካና አውሮፕላኑ ሲሰባበር ይታያል። በውስጡ ያሉትን ግን ማንም አያይም።