ቪክቶር ሃራን እስከ ዛሬ ማን ደበቀብኝ?

ኧረ ጉድ ነው! የቺሌው ዘፋኝ ቪክቶር ሃራ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ፖንጎ ኤን ቱስ ማኖስ አቢዬርታስ» የተባለ አልበም ካገኘሁ ወዲህ ሌላ ሙዚቃ ጆሮዬ አልገባ ብሏል። ስፓኒሽ አልችልም። ለካ አያስፈልግም!

መጀመሪያ የያዘኝ «ቴ ሬኩዌርዶ አማንዳ» ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አንዲት ልጅ በዝናብ በራሰ መንገድ ወደ ፋብሪካ ትሮጣለች፤ ማኑዌል ለዕረፍት ሲወጣ አምስት ደቂቃ ልታገኘው። ኋላ እሱ ወደ ተራራው ይሄዳል፣ አይመለስም። መፈክር የለ፣ እርግማን የለ፤ ጊታርና ያ ለስላሳ ድምፅ ብቻ። አማንዳና ማኑዌል የሃራ ወላጆች ስም ነው፤ ልጁም አማንዳ ትባላለች። ሰውየው የቲያትር አዘጋጅ ነበርና የት ዝም እንደሚባል ያውቃል።

ታዲያ ለስላሳ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ! በዚያው ዓመት በማርች፣ በደቡብ ቺሌ ፖርቶ ሞንት ከተማ፣ ቤት አጥተው ባዶ መሬት ላይ የሰፈሩ ድሆችን ፖሊስ በማለዳ በጥይት አስነሳቸው። ጨቅላ ሕፃን ሳይቀር ሞተ። ሃራ ወዲያው ዘፈን አወጣ። በሰምና ወርቅ ላደግን ለእኛ ደግሞ ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ ሰም የሚባል የለውም! ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረውን የአገር ውስጥ ሚኒስትር ኤድሙንዶ ፔሬስ ሱኾቪችን በስሙ ጠርቶ መልስ ስጥ ይለዋል። በአንድ የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘፍነው ድንጋይ ወረወሩበት። ይወርውሩ!

«አ ዴሳላምብራር» የኡራጓዩ ዳንኤል ቪግሊዬቲ ድርሰት ነው፤ አጥሩ ይነቀል፣ መሬቱ የሠራተኛው ይሁን ይላል። የአዲስ አበባ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) «መሬት ላራሹ» ብለው ከወጡ ገና አራት ዓመቱ ነበር! ከዚያ «ዱዌርሜ ኔግሪቶ» ይመጣል፤ ነባር እሹሩሩ ነው፣ እናት ግን እርሻ ላይ ናት፣ ደመወዝም አትቀበል። ልጅ ያስተኛል የተባለ ዜማ እኔን እንቅልፍ ነሳኝ።

የፒት ሲገርና የሊ ሄይስን ዘፈን ወደ ስፓኒሽ የመለሰበትን «ኤል ማርቲዮ»ን ግን እዘለዋለሁ።

ስለ ሃራ የሚጻፈው ሁሉ ከሞቱ ይጀምራል። በሴፕቴምበር 1973 መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት ወታደሮች ሳንቲያጎ ውስጥ ስታዲየም አስገብተው ገደሉት፤ ስታዲየሙ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይህን አለማወቅ አይቻልም፤ አልበሙን በለቅሶ ጆሮ መስማት ግን እሱን መበደል ይመስለኛል። ምክንያቱም ሰውየው እዚህ በሕይወት አለ፣ ያላግጣል! አድማ በታኙን ፖሊስ «ሞቪል ኦይል ስፔሻል» ብሎ ሲያሾፍበት፣ ኪላፓዩን የተባሉት ጓደኞቹ ከኋላ ሲያጅቡት ስሙትማ። ድምፁን ከፍ አድርጉ፤ ጎረቤትም ይስማ።