የጤና መድኑ ምን እየገዛልን ነው?

ጤና ጣቢያ ገብታችሁ የጤና መድን መታወቂያ አሳያችሁ እንበል። ካርድ ወጣ፣ ተመረመራችሁ፣ ላብራቶሪ ተሠራ፤ ከኪሳችሁ አንድ ብር አልወጣም። ታዲያ ማን ከፈለ? ለምኑስ ነው የከፈለው? ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ዓመታዊው መዋጮ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥያቄ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ እንዴት እንደሚወጣ ነው።

በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቤተሰብ በዓመት ያዋጣል፤ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይሸፍናል። ትልቅ ሥራ ነው፣ አይካድም። ቅሬታዬ አከፋፈሉ ላይ ነው። በአብዛኛው ጤና ተቋሙ ለሰጠው ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሂሳብ ይልካል፣ መድኑም አጣርቶ ይከፍላል። ብዙ ያዘዘ ብዙ ያገኛል ማለት ነው።

የባሰው ግን መድኃኒት ሲያልቅ ነው። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ትባላላችሁ። የከፈላችሁት ካልተመለሰላችሁ ያ ወጪ በመድኑ መዝገብ ላይ አይታይም። እስቲ አስቡት፦ እጥረቱ በሂሳብ ሲታይ ቁጠባ ይመስላል! ይሄ ሂሳብ መክፈል እንጂ መግዛት አይደለም። ገዢ የሚፈልገውን አስቀድሞ ይናገራል፣ ሲጎድልም ይጠይቃል።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁሉን አቀፍ ሽፋን ስትጀምር ሌላ መንገድ ያዘች። ለተመላላሽ ሕክምና በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ ቀድሞ ይከፈላል፤ ለተኝቶ ታካሚ ደግሞ በሕመሙ ዓይነትና ክብደት፣ ያውም ጣሪያ ባለው በጀት። እዚያ ያለ ምክንያት ምርመራ ማብዛት አያዋጣም። ግን ተቃራኒው ፈተና ይመጣል፦ ትንሽ ባከምክ ቁጥር ብዙ ይተርፍሃል። ለዚህም ነው አንዳንድ ውድ ሕክምናዎች ለብቻቸው የሚከፈሉት።

ይህን እንዳለ እንቅዳው አልልም። መደርደሪያው ባዶ ለሆነ ጤና ጣቢያ በነፍስ ወከፍ ቀድሞ መክፈል «የለም» ማለትን ይበልጥ አትራፊ ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ እጥረቱ ሁሌ የጤና ጣቢያው ጥፋት አይደለም፤ አቅርቦቱ ከላይ ሊቋረጥ ይችላል። ቢሆንም መድኑ በውሉ ላይ የትኞቹ መድኃኒቶች መጥፋት እንደሌለባቸው ሊያሰፍር፣ ከክፍያውም የተወሰነውን ከዚህ ጋር ሊያያይዝ ይችላል። ስንት ማዘዣ መድኃኒቱ ሳይገኝ እንደተመለሰ መቁጠርም ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ታካሚው ማዘዣውን ይዞ የሚመጣው እዚያው ጤና ጣቢያው ፋርማሲ መስኮት ላይ ነው።