ግሪክኛና ኢንዶኔዥያኛን ጎን ለጎን

ግሪኮች ዓይንን «ማቲ» ይላሉ፤ ኢንዶኔዥያውያን ደግሞ «ማታ»። ቋንቋ ማነጻጸር ለጀመረ ሰው ከዚህ የበለጠ ልብ የሚያማልል ነገር የለም። ተማሪዎቼ ሁለቱን ቃላት ሰሌዳ ላይ ሲያዩ ወዲያው አሻጋሪ ፍለጋ ይሰማራሉ፦ የእስክንድር ወታደር ይሆን? ወይስ የቅመም ነጋዴ? ጥቂት እንዲከራከሩ እተዋቸዋለሁ፤ ክርክሩ የሚፈታበት መንገድ የሙያችን ዋና ክፍል ነውና።

መንገዱ እያንዳንዱን ቃል በየራሱ ዱካ ወደ ኋላ መከተል ነው። በጥንቱ ግሪክኛ ዓይን «ኦማ» ይባል ነበር። ከእሱ «ኦማቲዮን»፣ ትንሽ ዓይን ማለት ነው፣ ተወለደ። በዘመናት ብዛት ከፊቱ «ኦ» ረገፈች፣ ከኋላው መጨረሻው ተቆረጠ፣ «ማቲ» ቀረ። የ«ማታ» ዱካ ግን የሚወስደን ወደ ሌላ ባሕር ነው። በፊሊፒንሱ ታጋሎግም፣ በፊጂም፣ በኒውዚላንዱ ማኦሪም ዓይን «ማታ» ነው፤ በሃዋይ «ማካ»፣ በማዳጋስካር «ማሶ»። የኦስትሮኔዥያ ቋንቋዎች ከታይዋን ተነሥተው ከደሴት ደሴት ሲበተኑ ይዘውት የሄዱት ቃል ነው። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ቢሆኑ ኖሮ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር መቀራረብ ነበረባቸው፤ እነዚህ ግን ይራራቃሉ። ስለዚህ መመሳሰላቸው ግጥምጥሞሽ ነው።

እውነተኛ መሻገሪያ ሲኖር ደግሞ ምልክቱን ይተዋል። ኢንዶኔዥያውያን ወረቀትን «ከርታስ» የሚሉት ከዐረብኛው «ቂርጣስ» ወስደው ነው፤ ዐረብኛው የመጣው ከግሪክኛው «ኻርቴስ» ነው። ግእዛችንም «ክርታስ» ይላል። ይህን የሠራው ንግድና መጽሐፍ ነው፤ የቋንቋ ዝምድና አይደለም።

ታዲያ ዝምድና የሌላቸውን ሁለት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? እኔ ለዓመታት በዚህ ሥራ የቆየሁት ለአንድ ጥያቄ ብዬ ነው፦ ይህ ቋንቋ ተናጋሪውን ወደደም ጠላም ምን እንዲናገር ያስገድደዋል? ማንኛውም ቋንቋ ማንኛውንም ነገር መናገር ይችላል። ልዩነቱ የሚወጣው ዝም ማለት በማይፈቅድበት ቦታ ላይ ነው።

«ለእህቴ ደብዳቤ ጻፍኩ» የሚለውን ተራ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ግሪክኛው እንደ እኛው ጸሐፊውን በግሱ መጨረሻ ስለሚያሳይ «እኔ» ማለት አያስፈልገውም። ነገር ግን ድርጊቱን እንዴት እንዳየነው ይጠይቃል፦ ተጀምሮ እንዳለቀ አንድ ነገር ከሆነ «ኤግራፕሳ»፣ ሲካሄድ ወይም ሲደጋገም እንደነበረ ከሆነ «ኤግራፋ»። እስከዚህ ድረስ «ጻፍኩ»ን ከ«እጽፍ ነበር» ለይተን ስለምናውቅ አንቸገርም። ችግሩ ወደ ነገ ስንሻገር ይመጣል። ግሪክኛ ያንኑ ምርጫ ነገም ላይ አይለቅም፦ አንድ ጊዜ ጽፌ የምጨርሰው ከሆነ «ታ ግራፕሶ»፣ ዘወትር የምጽፍ ከሆነ «ታ ግራፎ»። የእኛ «እጽፋለሁ» ሁለቱንም ያስተናግዳል። ትእዛዝ ስንሰጥ እንኳ «ጻፍ» ብሎ መገላገል የለም፤ «ግራፕሴ» ነው ወይስ «ግራፌ»?

ኢንዶኔዥያኛው ስለዚህ ሁሉ አይጠይቅም። «መኑሊስ» ትናንትም፣ ዛሬም፣ ነገም «መኑሊስ» ነው፤ ጊዜውን ከፈለግን በሌላ ቃል እንጨምራለን። እህት ላይ ስንደርስ ግን ያስቆመናል። ታናሽ ከሆነች «አዲክ»፣ ታላቅ ከሆነች «ካካክ» ትባላለች። ወንድ ትሁን ሴት ካልፈለግን ሳንናገር ማለፍ እንችላለን፤ ማን ቀድሞ እንደተወለደ ግን መታወቅ አለበት። ግሪክኛውና አማርኛው ጾታን ሲጠይቁ ዕድሜን ይተዋሉ፤ ኢንዶኔዥያኛው የተገላቢጦሽ ነው።

ለዚህ ነው «ኢንዶኔዥያኛ ሰዋስው የለውም፣ ቀላል ነው» ሲባል የሚያናድደኝ። «ቱሊስ» ከሚለው ሥር «ዲቱሊስ» (ተጻፈ)፣ «ፐኑሊስ» (ጸሐፊ)፣ «ቱሊሳን» (ጽሑፍ) ይወጣሉ። «ጻፈ፣ ተጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ» እያለ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። «መኑሊስ»ን በመዝገበ ቃላት «መ» ሥር የሚፈልግ ግን አያገኘውም፤ ቅጥያው ሲገባ የወደቀችውን «ት» መልሶ ወደ «ቱሊስ» መሄድ አለበት። ደግሞ አግብተህ እንደሆነ ቢጠይቁህና ካላገባህ፣ የተለመደው መልስ «አይ» አይደለም፤ «በሉም» ነው፣ የእኛው «ገና»። ይህን መልስ ሳገኝ በጣም ነበር ደስ ያለኝ፤ ነገን የሚተው መልስ ነውና።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ማንም ሁለት ቋንቋ ከማነጻጸሩ በፊት የትኛውን ግሪክኛና የትኛውን ኢንዶኔዥያኛ እንደያዘ ማወቅ አለበት። ግሪክ ውስጥ እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ የመንግሥቱ ቋንቋ ወደ ጥንቱ የተጠጋው «ካታሬቩሳ» ነበር፤ ሕዝቡ የሚናገረው ግን «ዲሞቲኪ»ን ነው። የጃካርታ የመንገድ ንግግርም ከላይ ያየነውን የግስ ቅጥያ ብዙ ጊዜ ይጥለዋል። ካታሬቩሳን ከጃካርታ ወጣት ጨዋታ ጋር ያነጻጸረ ሰው የለካው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለውን ርቀት ሳይሆን በቢሮና በመንገድ መካከል ያለውን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የምመለስበት «እኛ» የሚለው ቃል ነው። ኢንዶኔዥያኛ ሁለት «እኛ» አለው። «ኪታ» የሚሰማውንም ይጨምራል፤ «ካሚ» ያስቀረዋል። በ1928 እ.ኤ.አ. ከየደሴቱ የመጡ ወጣቶች ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ባታቪያ ተሰብስበው አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ እንደሆኑና ኢንዶኔዥያኛን የአንድነት ቋንቋ አድርገው እንደሚያከብሩ አወጁ። የቋንቋው መሠረት ማላይኛ ነበር፤ በተናጋሪ ብዛት ጃቫኛ እጅግ ቢበልጥም። በዚያ ቃለ መሐላ ስለ ራሳቸው የተናገሩት «ካሚ» ብለው ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ሱካርኖ ያነበበው የነፃነት አዋጅም የሚጀምረው በ«ካሚ» ነው። «ኪታ» ቢሉ ኖሮ እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው ይሆን ነበር። «ካሚ» ሲሉ ግን ከፊታቸው ሌላ ሰሚ አቁመዋል፤ እኔ እንደማነበው፣ የሚገዛቸውንና ዓለምን።

የግሪክኛው «ኤሚስ» ይህን አይሸከምም፤ የእኛም «እኛ» እንዲሁ። የሚተረጉም ሰው «እኛ» ብሎ ቢያልፍ አልተሳሳተም፤ ከፊት የቆመው ሰሚ ግን ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። አንዳንዶች «እኛ በዓለም ፊት» ብለው ይጨምሩበታል። እኔ ግን በግርጌ ማስታወሻ ማስፈሩን እመርጣለሁ፤ መሐላው አጭር ስለሆነ የተጨመረበት ቃል ሁሉ ያስታውቃል።