ባለቤቱ የታጣበት ምሳሌ፡- አህያ በአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች

ሥነ ቃል በማስተምርበት ክፍል «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን አባባል ለውይይት አቅርቤ ነበር። ተማሪዎቹ እንደተለመደው ፍካሬያዊ ፍቺውን ዘረዘሩ፤ አቅመ ቢስ ተከላካይ፣ የማያስተማምን ዘመድ፣ ለስሙ ብቻ ያለ አለኝታ። መልሱ ትክክል ስለ ነበረ ወደሚቀጥለው ልሻገር ስል፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ «ታዲያ አህያዋን ማስጣል የነበረበት ባሏ ነው?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገርን ስናጠና እንስሳው ዘወትር መሸጋገሪያ ነው። ስለ ውሻ ሲነገር ስለ ሎሌ፣ ስለ ዝሆን ሲነገር ስለ ባለሥልጣን እንደ ተነገረ እንረዳለን። በሰምና ወርቅ የሠለጠነ አእምሯችን ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት ስለ ለመደ፣ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ወደ ሰሙ አይመለስም። ይህ አነባበብ ስሕተት ነው አልልም። ጎደሎ ነው እላለሁ። ምሳሌው ለሰው ጉዳይ ሊያገለግል የሚችለው፣ ተናጋሪውና አድማጩ በቅድሚያ ስለ እንስሳው ኑሮ አንድ ነገር ተስማምተው ሲገኙ ነው። ይህ ያልተነገረ ስምምነት የሚገኘው በእማሬያዊው ፍቺ ውስጥ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የማነሣቸውን አባባሎች በዚያ በኩል ልመለከታቸው እሞክራለሁ።

ከተማሪዋ ጥያቄ እንጀምር። አህያ የቤት እንስሳ ናት፤ ቀን ስትጫን ውላ ማታ ወደ ሰው ደጅ ትመለሳለች። በጅብ የምትበላው በረት ሳይዘጋላት ወይም ደጅ ታስራ ስታድር ነው። እንግዲህ ከጅብ ሊያስጥላት የሚገባው በረቱን የሚዘጋው ሰው ነው። ምሳሌው ግን ይህን ሰው አያነሣም። በእርሱ ቦታ «ባል» የሚባል አንድ ሌላ አህያ ፈጥሮ፣ ጥፋቱን በዚያ ላይ ይጥላል። ጅቡ አለ፤ የምትበላዋ አለች፤ አቅመ ቢሱ ባል አለ፤ የታጣው ባለቤቱ ነው።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ይህን የምንጠቅሰው ራስ ወዳድን ለመንቀፍ ነው። ነገር ግን አህያዋ ስለ ሰርዶ የምትናገረው ለምንድን ነው? ጭዱና ድርቆሹ በቅድሚያ ለበሬና ለላም ሲቀርብ፣ ለእርሷ የተረፋት የመንገድ ዳር ሣር ስለሆነ ነው። ምሳሌው የእርሷን ቃል ሰምቶ ይፈርድባታል፤ ሰርዶ ብቻ ያበላትን ግን አይጠይቅም። «አህያ ማር አይጥማትም» ስንልም ማር ቀምሳ እንደ ተፋች አድርገን እንናገራለን። የማሩን እንስራ ተሸክማ ገበያ ማድረሷ ግን በአባባሉ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከሁሉም የሚደንቀኝ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ነው። በሰዋስው «ባለቤት» የምንለው የድርጊቱን ፈጻሚ ነው፤ በኑሮ ደግሞ የንብረቱን ጌታ። በዚህ አባባል ሁለቱም ባለቤቶች በስም አልተጠሩም። ማን ፈራ? «እርሱ»። ዳውላውን ምን አደረገው? ማሰሪያ አንቀጹ ተውጧል። አድማጩ ግን ምቱን ሳይነገረው ይሰማዋል፤ አህያ ባለበት ዱላ መኖሩ የታወቀ ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገም። ዳውላ ራሱ የእህል መስፈሪያ ስም ነው፤ ቋንቋው የእንስሳዋን ጭነት ለክቶ ስም ሰጥቶታል። ጭነቱ የሚያቆስለውን ጀርባም «ገጣባ» ብሎ ለይቶ ይጠራዋል። አንድ ቁስል የራሱ ስም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሲታይ ነው። ስለዚህ አማርኛ የአህያን ሕመም አያውቅም ማለት አይቻልም። ያውቀዋል፤ ምሳሌው ዘንድ ሲደርስ ግን ዝም ይላል።

«ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ ሰው እንጂ ስለ እንስሳ አይደለምና፣ ያልተባለውን እያስባልህ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። አህያን የሚጠቅስ ሁሉ አህያ ይደበድባል ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ዝምታው የግድ እንዳልነበረ የሚያሳዩ ሌሎች ትረካዎች በዚሁ ባህል ውስጥ አሉ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 የተተረከችው የበለዓም አህያ አፍ አውጥታ ስትናገር፣ ቃሏ የሚያነጣጥረው ጌታዋ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ስለ ምን እንደ መታት ትጠይቀዋለች፤ መልአኩም ስለዚያው ድብደባ ይወቅሰዋል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 ደግሞ የጠላትህ አህያ እንኳ ከሸክሟ በታች ወድቃ ብታገኛት ጥለህ አትለፍ የሚል ትእዛዝ አለ። እነዚህን ታሪኮች ሲሰማ የኖረ ሕዝብ ሁለት የምትናገር አህያ ያውቃል ማለት ነው። አንደኛዋ ጌታዋን ትጠይቃለች፤ ሁለተኛዋ ስለ ሰርዶ ተናግራ ራሷን ታስወቅሳለች። በዕለት ንግግራችን የምንጠቅሰው ሁለተኛዋን ነው።

ለእንስሳ ክብር መስጠትም ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ገበሬውም በሬውን በስሙ እየጠራ በእርሻ ዘፈን ያወድሰዋል። አህያ ግን ውኃውን፣ እንጨቱንና እህሉን ተሸክማ ስሟ ስድብ ሆኖ ቀረ። ከፈረስ ጋር የሚጠራው ጦረኛው፣ ከበሬ ጋር የሚጠራው አራሹ ነው። ከአህያ ኋላ የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ሕፃናት መሆናቸውን ስናስብ፣ የክብሩ ድልድል ከእንስሳቱ አልፎ ወደ ሰዎቹ እንደሚደርስ እንረዳለን።

ጉዳዩ ከክፍል ውጭም ትርጉም እንዳለው የሚያሳይ አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለ። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ከተማ የተከፈተ የአህያ ቄራ ከነዋሪው በተነሣ ተቃውሞ ተዘግቶ ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም፣ ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት በሚፈለገው ቆዳዋ ምክንያት አህያ እንዳትታረድ ወስነዋል። በቢሾፍቱ ጎልቶ የተሰማው መከራከሪያ አህያ ማረድ ከባህላችንና ከሃይማኖታችን አይሄድም የሚል ነበር። መከራከሪያው ቢላዋውን ለጊዜው አስቀርቷል። ይሁን እንጂ የተናገረው ስለ እኛ ንጽሕና እንጂ ስለ እርሷ ሕመም አልነበረም። ነውር ብለን ከማረድ እንቆጠባለን፤ ገጣባ ጀርባ ላይ ዳውላ መጫንን ግን ነውር የሚል አባባል በቀላሉ ትዝ አይለንም። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በሆነች አገር ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም።

አባባሎቹ ይሰረዙ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይመስለኛል። ምሳሌያዊ አነጋገር በአዋጅ አይሻርም፤ ሊሻርም አይገባውም። የእኔ ሐሳብ አነባበባችንን የሚመለከት ነው። ፍካሬያዊውን ፍቺ ከጻፍን በኋላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እናንሣ፤ በዚህ አባባል ውስጥ የእንስሳው ባለቤት የት ነው ያለው? መልሱ ስለ እንስሳው ብቻ ሳይሆን፣ ኃላፊነትን ከራሳችን አንሥተን በአቅመ ቢስ ላይ ስለምናሳርፍበት ልማድ የሚነግረን ነገር ይኖራል።

ለተማሪዋ አሁን የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ባሏ አልነበረም። በረቱን መዝጋት የነበረበት ሰው ነው፤ ምሳሌውን ሲተርትም የተገኘው እርሱ ራሱ ነው።