ግድግዳ የሚፈተነው መስኮቱ ላይ ነው

የተሰነጠቀ ቤት እንዳይ ስጠራ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ መስኮቱ ማዕዘን ነው። መሠረቱ ቢሰጥም፣ ጣሪያው ቢከብድም ግድግዳ ሕመሙን የሚናገረው እዚያ ነው፤ ከማዕዘኑ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ከላይ የሚወርደው ክብደት ክፍተቱ ላይ ሲደርስ የሚያርፍበት ያጣል፤ ስለዚህ ለግራና ለቀኝ ተከፍሎ በመቃኖቹ በኩል ይወርዳል። ጉበኑ የሚሸከመው በአናቱ ላይ ያለውን ባለሦስት ማዕዘን የግድግዳ ክፍል ብቻ ነው። መቃኖቹ ግን የራሳቸውንም የባዶውንም ቦታ ጫና ይችላሉ። ለበርና ለመስኮት ዳር የሚሆነው ድንጋይ ከክምሩ እንደተገኘ የማይነሳው ለዚህ ነው። ረጅም፣ ፊቱ የቀና፣ ወደ ግድግዳው ሆድ ጠልቆ የሚገባ ድንጋይ ይመረጥለታል። እኔም ግንብ ሳልጀምር እነዚህን ለይቼ ለብቻ አስቀምጣለሁ።

የአክሱም ዘመን ግንበኞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ግድግዳቸው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ በየመሃሉ አግዳሚ እንጨት ይገባበታል። መስኮቱን በአራቱም በኩል በወፍራም እንጨት ያዋቅሩትና በየማዕዘኑ ግድግዳውን ከውስጥ እስከ ውጭ አቋርጦ የሚያልፍ አጭር ወራጅ ያስገባሉ። ወራጁ በጥርስ ተፈልፍሎ ማዕቀፉን ነክሶ ይይዛል፤ ጫፉም ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይታያል። የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጎብኚ ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን የግድግዳውን የውስጥና የውጭ ፊት አስሮ መያዝ ነው። ድካም የሚበዛበትን ቦታ ከሁሉ የጠነከረ አደረጉት። አሠራሩ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ላይ ይታያል። ይህንኑ አሠራር የተከተለው የላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዋሻ ውስጥ ስለተሠራ ዝናብ አልደበደበውም፤ ነጩ ልስንና ጥቁሩ እንጨት ተራ በተራ ተደርድረው፣ የመስኮቶቹ ማዕዘኖች እንደታሰሩ ዛሬም ይታያሉ። ሙያውን መማር የሚፈልግ ወጣት ግንበኛ ከየትኛውም መጽሐፍ በፊት ወደ ላስታ ሄዶ እነዚያን ማዕዘኖች ቢያይ እመርጣለሁ።

ይህ አሠራር ምን ያህል ይከበር እንደነበር የሚያሳየው፣ ማሰር በማያስፈልግበት ቦታ እንኳ መቀረጹ ነው። 33 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የወደቀው የአክሱም ሐውልት አንድ ወጥ ድንጋይ ሆኖ ሳለ በርና መስኮት፣ የዝንጀሮ ራስም ተቀርጾበታል። ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤል ከአለት ተፈልፍሎ የእንጨትና የድንጋይ ግድግዳ መልክ ተሰጥቶታል። ቤተ ጊዮርጊስ የታችኛው ረድፍ መስኮቶቹ ድፍን ናቸው፤ ብርሃን የሚገባው በላይኞቹ ነው። ውስጥ ለቆመ ሰው ብርሃኑ ከአናቱ ይወርድለታል። ከዚህ የተሻለ የመስኮት አቀማመጥ አላውቅም።

ጎንደር መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ኖራ አለ፣ ቅስት አለ፤ ለመጥረብ የሚመቸው ቀይ ድንጋይ በሮቹንና መስኮቶቹን ከቦ ክብደቱን ወደ ጎን ይመራል።

ዛሬ የሚያሳስበኝ በየከተማው ያሉት አሮጌ የድንጋይና የጭቃ ቤቶች ናቸው። ለኪራይ ሲባል የመንገድ ዳሩ መስኮት ወደ ሱቅ በር ይለወጣል፤ በመዶሻ ተመትቶ ይሰፋል፣ ከዚያ የብረት ፍሬም ተተክሎ ዳር ዳሩ በሲሚንቶ ይመረጋል። ብሎኬት ቤት ኮለን ስላለው ይህን ሊችል ይችላል። የጭቃ ግንብ ግን ከግድግዳው በቀር ሌላ ተሸካሚ የለውም፤ የብረት ፍሬምም የጉበንን ሥራ አይሠራም።

ቤታችሁን የግድ የምታስከፍቱ ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያውን በባላ አስደግፉ። ከቤቱ ማዕዘን ራቁ። ቀጥሎ ከሚከፈተው ቦታ በላይ የግድግዳውን ግማሽ ውፍረት ብቻ አስፈልፍሉና አንዱን ጉበን አስገቡ፤ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ግንቡ በደንብ ይግቡ፣ በላዩ ያለው ክፍተትም ተጠቅጥቆ ይሞላ። እሱ ሲጠነክር በሌላው ፊት በኩል ሁለተኛውን አስገቡ። ድንጋዩ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ከላይ ወደ ታች። ግንበኛው ቸኩሎ ከሥር ልጀምር ቢላችሁ እንዳትፈቅዱለት።