ጋዜጣ የሚያስቀምጡ ሰዎች

አማኑኤል አካባቢ አሮጌ ጋዜጣ ሥራ አያጣም፤ ኮሎ ይጠቀለልበታል፣ ዕቃ ይሸፈንበታል። ነጋዴውን አልወቅስም። ያው ጋዜጣ ግን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ከገባ ቅርስ ነው።

የዚህ ስብስብ መሠረት የተጣለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዘመን ነው። ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውንና እዚሁ የታተመውን ይለቅም ነበር፤ መስቀልና ሥዕልም አልቀረው። ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር ሆኑ፤ የተለቀመውም ቤት አገኘ፤ ያውም ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት።

እንግዳ ሲመጣ የሚደነቀው ብራናው ነው። ይገባዋል። እኔ ግን፣ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝና፣ ጋዜጣ ለሚያስቀምጡት አደላለሁ። ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ የተፋቀ ብራና እርጥበትና አይጥ ካላገኙት ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። ከእንጨት ፍጭ የሚሠራው የጋዜጣ ወረቀት ግን አሲዱ ከውስጥ ይበላዋል፤ ቢጫ ይሆናል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ማንም ሊያስቀምጠው የማያስበው ነገር ደግሞ የሚገኘው እሱ ላይ ነው፦ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሐራጅ ጥሪ፣ የሲኒማ ፕሮግራም። የአንድ ሰፈር ታሪክ ጸሐፊ ከገድልና ከድርሳን ይልቅ እነዚህን ይፈልጋል።

ለብራናውማ ቀድሞ ታስቦለታል፤ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የገዳማትና የአድባራት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖረዋል።