«ዛሬ ነገ ማለት»ን የመለካት ችግር፤ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ አንጻር ሲታይ

ሎራ ሰሎሞንና ኤስተር ሮትብለም እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት መጠይቅ ተማሪዎች የትምህርት ሥራቸውን ምን ያህል ዛሬ ነገ እንደሚሉ ለመለካት እስካሁን ይሠራበታል። ለ342 አሜሪካውያን ተማሪዎች ቀርቦ ሁለት ዐበይት ምክንያቶችን ለይቷል፤ እነርሱም ውድቀትን መፍራትና ሥራውን መጥላት ናቸው። ለታለመለት ተማሪ ጥሩ መሣሪያ ነው። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሀብሩ ወረዳ በሚገኘው የመርሳ ካምፓሱ እንዳለ ተተርጉሞ ቢቀርብ ግን ማሳሳቱ አይቀርም።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ማዘግየት» ወዶ የዘገየውንም ተገዶ የዘገየውንም ያጠቃልላል፤ «ዛሬ ነገ ማለት» ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም። ፒርስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳስረዳው የዚህ ጠባይ መለያ ጉዳቱን እያወቁ በገዛ ፈቃድ ማዘግየት ነው። ተርጓሚው ፊተኛውን ቃል ከመረጠ ጦርነት ያቋረጠው ጥናትና ስንፍና ያሳደረው ጽሑፍ በአንድ ቁና ይሰፈራሉ።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ሳለች ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል። በመጠይቁ ከተዘረዘሩት 13 የምክንያት ዓይነቶች ግን መጽሐፍ መታጣቱን ወይም ካምፓስ መዘጋቱን የሚያነሣ አንድም የለም። ስለዚህ ተማሪው «ስንፍና» ከሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ዕቅድ አውጪው በዚያ ተመርቶ የምክር አገልግሎት ያደራጃል፤ የጠፋው መጽሐፍ ሳይተካ ይቀራል።

ተማሪው ሁሉ ከነቀፋ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ በፈተና ዋዜማ ብቻ የሚያጠና ሞልቷል። ይሁንና ባሪ ዚመርማን እንደሚለው ራስን መምራት ማቀድን፣ ሥራን መከታተልንና ውጤትን መመርመርን ይጠይቃል። የታረመው ጽሑፍ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ለሚመለስለት ተማሪ ሦስተኛው እርከን ከቶ የለም። መጠይቁም እርማቱ መቼ እንደ ተመለሰ አይጠይቅም።